የቤት እንስሳን ወደ ሌላ አገር ስለ መውሰድ፤ የሰነድና የቀን ቅደም ተከተል

ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ የሰነድን ዋጋ ያውቃል። ዕቃው የቱን ያህል ንጹሕና የተመረጠ ቢሆን፣ ባንክ የከፈተው ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከሚያዘው ቀን በአንድ ቀን ዘግይቶ የተጫነ እንደሆነ ገንዘቡ ሳይከፈል ሊቀር ይችላል። በጆንያው ውስጥ ያለው ቡና ያው ቡና ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ከአገር ወደ አገር የሚወሰዱት ውሾችና ድመቶችም በዚሁ ሥርዐት የሚጓዙ መሆናቸውን ግን ብዙ ሰው ገና አልተረዳውም።

በአዲስ አበባ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በቤቴል ሰፈር፣ ግቢውን በውሻ የሚያስጠብቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። ከነዚህም ቤተሰቦች መካከል ለንግድ፣ ለትምህርት ወይም ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ አሉ። ጉዞው በተቃረበ ጊዜ የሰዎቹ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት ከወራት አስቀድሞ ይሰናዳል። የውሻው ጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሻንጣ በሚታሰርበት ሳምንት ነው። በዚያን ሰዓት ገንዘብ ቢከፈል፣ አማላጅም ቢላክ የሚረዳ አይሆንም፤ የጎደለው ጊዜ ነውና፣ ጊዜም አይገዛም። ስለዚህ የዝግጅቱ ሥርዐት፣ ምክንያቱና የቀኖቹ አቈጣጠር ከዚህ ቀጥሎ በየክፍሉ ተገልጿል።

1ኛ/ መንግሥታት እንስሳትን በጥብቅ የሚቈጣጠሩበት ምክንያት

በቀድሞው ዘመን እንስሳ ከአገር ወደ አገር የሚሄደው በነገሥታት መልካም ፈቃድ ነበረ። በ1882 እ.ኤ.አ. ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ ዘንድ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ተልኮ ነበር። የፈረንሳይ ሊቃውንትም እንስሳው ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልተመዘገበ ዐይነት መሆኑን ተመልክተው በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየሙት። እስከ ዛሬም በዓለም ሁሉ «የግሬቪ የሜዳ አህያ» እየተባለ ይጠራል።

ይሁን እንጂ ከእንስሳ ጋር ስጦታ ብቻ አይጓዝም፤ በሽታም አብሮ ይጓዛል። ይህን ከኢትዮጵያ ሕዝብ ይበልጥ በመከራ የተማረ ጥቂት ነው። በ1887 እ.ኤ.አ. ገደማ ለኢጣልያ ጦር ቀለብ ተብለው ከባሕር ማዶ በምጽዋ ወደብ ከገቡ ከብቶች ጋር «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ገባ። ከአገሩም ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፍቶ «ክፉ ቀን» የሚባለው ረኃብ የመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በምጽዋ ወደብ ያን ጊዜ የተደራጀ የእንስሳት ምርመራና የኳራንቲን ማቈያ ቢኖር ኖሮ ምናልባት የአገሪቱ ታሪክ በሌላ መንገድ በተጻፈ ነበር።

የእንግሊዝም አገር ተመሳሳይ ትምህርት አግኝቷል። የእብድ ውሻ በሽታ በ1902 እ.ኤ.አ. ከዚያ ደሴት ጠፍቶ ሳለ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በስውር ካስገቧቸው ውሾች እንደመጣ በሚታመን መንገድ በ1918 እ.ኤ.አ. እንደገና ተነሣ፤ እስከ 1922 እ.ኤ.አ. ድረስም አልጠፋም። ከዚህ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ወደ እንግሊዝ የሚገባ ውሻ 6 ወር በማቈያ እንዲታሰር ግዴታ ነበር። ይህ ሕግ የተላላው ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የክትባትና የደም ምርመራ ሰነድ እንደ ማቈያው ሆኖ እንዲያገለግል በተፈቀደ ጊዜ ነው። ዛሬ ከባለቤቱ የሚጠየቀው ሰነድ በቀድሞው የ6 ወር እስር ምትክ የቆመ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ ሰነዱ ስለ ምን እንደሚጠብቅ አይገርመውም።

2ኛ/ ዋናው የሚፈራው በሽታ

በውሻና በድመት ጉዞ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ በሰውም ሆነ በእንስሳ ላይ መድኀኒት የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም በያመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ይሞታሉ፤ ሰውን ከሚይዘውም ከመቶው 99 እጅ የሚመጣው ከውሻ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ካልጠፋባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በአዲስ አበባ በ1903 እ.ኤ.አ. እንደ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደነበረ በታሪክ ተመዝግቧል። የውጭ አገር መንግሥታት ከኢትዮጵያ የሚመጣን ውሻ በብርቱ ጥንቃቄ የሚመለከቱት ከዚህ የተነሣ እንጂ ባለቤቱን በመናቅ አይደለም።

የበሽታው ጠባይ ደግሞ ተንኰለኛ ነው። የተነከሰ ውሻ ወዲያው አይታመምም፤ በሽታው በሰውነቱ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ተሰውሮ ይቈያል። እንግዲህ ዛሬ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ውሻ ነገ ላለመታመሙ በዐይን አይቶ የሚመሰክር ሐኪም አይገኝም። ሊመሰክር የሚችለው ክትባትና የደም ምርመራ፣ ከነርሱም ቀጥሎ የሚያልፈው ጊዜ ነው።

3ኛ/ የዝግጅቱ ቅደም ተከተል

የአውሮፓ ኅብረት ከኢትዮጵያ ለሚመጡ ውሾችና ድመቶች የሚጠይቀው ሥርዐት ለብዙ አገሮች አብነት የሆነ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ እርሱን መማር ይጠቅማል። ሥርዐቱ አምስት ደረጃ አለው፤ ደረጃዎቹም ቦታቸውን መለዋወጥ አይችሉም።

ሀ) መለያ ቍጥር። ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ማይክሮቺፕ በእንስሳው ቆዳ ሥር በመርፌ ትገባለች። በውስጧም 15 አኃዝ ያለው ቍጥር አለ። ይህ ቍጥር የእንስሳው ስም ነው ማለት ይቻላል።

ለ) ክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው መለያው በገባበት ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ነው። እንስሳውም ቢያንስ 12 ሳምንት የሞላው መሆን አለበት። ክትባቱ ከመለያው ቀድሞ የተሰጠ እንደሆነ የማን ክትባት እንደሆነ ማረጋገጫ ስለሌለው እንዳልተሰጠ ይቈጠራል። ከስሕተቶች ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም ይህ ነው፤ ውሻው በየዓመቱ ሲከተብ ኖሮ፣ መለያው ግን የገባለት በጉዞው ዋዜማ ይሆናል።

ሐ) የደም ምርመራ። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ደም ተቀድቶ ሴረሙ ይመረመራል። ውጤቱም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ መለኪያ ያላነሰ የመከላከያ ኃይል ማሳየት አለበት። ምርመራው የሚጸናው ኅብረቱ በፈቀደው ላቦራቶሪ የተደረገ እንደሆነ ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል በደቡብ አፍሪካ ኦንደርስቴፑርት፣ በፈረንሳይ ናንሲ፣ በአሜሪካም የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች አሉ። ሴረሙ በቅዝቃዜ ተጠብቆ መጓዝ ስላለበት የአላላኩ ጉዳይ ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መመከር ይገባዋል።

መ) የመጠበቂያ ጊዜ። ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ሳይሞላ እንስሳው ወደ ኅብረቱ አገሮች አይገባም። ጊዜው የሚቈጠረው ደሙ ከተቀዳበት ቀን ነው፤ ውጤቱ ከደረሰበት ቀን አይደለም። ውጤቱ ቢዘገይ ባለቤቱ የሚጐዳው በዚህ አይሆንም።

ሠ) የጤና ምስክር ወረቀት። በመጨረሻ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ቀደም ያሉትን ሰነዶች መርምሮ፣ ተቀባዩ አገር ባዘጋጀው ቅጽ ላይ ይፈርማል፤ ማኅተምም ያደርጋል። ይህ ወረቀት ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ እንስሳው ኅብረቱ ድንበር ላይ እስኪመረመር ድረስ የሚያገለግለው ለ10 ቀን ነው። ስለዚህ ቀደም ብሎ ማስፈረሙ ትጋት ቢመስልም ጉዳት ያመጣል።

ክትባቱ ጊዜው ሳያልፍ ከታደሰ አንድ ጊዜ የተገኘው የደም ምርመራ ውጤት ይጸናል። በአንድ ቀን እንኳ ያለፈ እንደሆነ ግን ሁሉም ከክትባቱ ጀምሮ እንደገና ይጀመራል።

4ኛ/ የሁለት አቈጣጠሮች ጣጣ

እዚህ ላይ የኢትዮጵያን ነጋዴ በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። አንድ በቤቴል የሚኖር ነጋዴ «ቦቢ» የተባለውን ውሻውን ይዞ ወደ ጀርመን አገር ሊሄድ አስቧል እንበል።

መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. (15 ሴፕቴምበር 2025) ለቦቢ መለያው ገብቶለት በዚያው ሰዓት ይከተባል።

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. (16 ኦክቶበር 2025) 30ው ቀን ሞልቶ አንድ ቀን ከተጨመረ በኋላ ደሙ ይቀዳል።

አሁን 3 ወር ይቈጠር። ነጋዴው በአገሩ ልማድ ቢቈጥር ከጥቅምት 6 እስከ ጥር 6 ሦስት ወር ነው፤ ይኸውም 30 ቀን ሦስት ጊዜ ሲሆን 90 ቀን ማለት ነው። የጀርመን ባለሥልጣን ግን ከ16 ኦክቶበር እስከ 16 ጃንዋሪ ይቈጥራል፤ ይኸውም 92 ቀን ይሆናል። 16 ጃንዋሪ 2026 በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥር 8 ነው። ነጋዴው ጥር 6 ቀን ፍራንክፈርት ቢደርስ በርሱ ቤት ቀኑ ሞልቷል፤ በባለሥልጣኑ ዘንድ ግን 2 ቀን ጎድሎታል። ለ2 ቀን ጉድለት ውሻው ሊከለከል ይችላል።

ስለዚህ ጉዞውን ለጥር 10 (18 ጃንዋሪ) ቢያደርገው፣ የጤናውንም ወረቀት ጥር 8 (16 ጃንዋሪ) ቢያስፈርም፣ 3 ወሩም ሞልቶ፣ 10ሩም ቀን ሳያልፍ ይደርሳል። ከመጀመሪያው መርፌ እስከ ጉዞው 4 ወር ከጥቂት ቀን መፍጀቱን ልብ ይሏል። ለላቦራቶሪው መልስ፣ ለአየር መንገዱም ቦታ መገኘት ጊዜ ሲጨመር፣ ከ6 ወር አስቀድሞ መጀመር የጥንቁቅ ሰው አሠራር ነው።

የዓመተ ምሕረቱም ልዩነት እንደዚሁ ነው። የሰፈር ሐኪም በክትባቱ ደብተር ላይ «5/1/2018» ብሎ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ቢጽፍ፣ የውጭ አገር መርማሪ ክትባቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የተሰጠ ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ ይጥለዋል። በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ቀን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር፣ የወሩም ስም በፊደል ተጽፎ እንዲሆን ባለቤቱ ሐኪሙን በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ አለበት።

5ኛ/ የአገሮች ልዩ ልዩ ሕግ

እንግሊዝ። መለያ፣ ክትባት፣ ከ30 ቀን በኋላ የደም ምርመራና የ3 ወር ጥበቃ እንደ አውሮፓ ኅብረት ትጠይቃለች። በዚህም ላይ ውሻ ከመግባቱ ከ24 ሰዓት ባላነሰ፣ ከ120 ሰዓትም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የኮሶ ትል መድኀኒት በሐኪም እጅ ተሰጥቶት በሰነዱ ላይ መመዝገብ አለበት። አየርላንድ፣ ማልታ፣ ፊንላንድና ኖርዌይም ይህንኑ ይጠይቃሉ።

አሜሪካ። ከ1 ኦገስት 2024 ጀምሮ የጸናው ደንብ ማንኛውም የሚገባ ውሻ 6 ወር የሞላው፣ መለያም ያለው እንዲሆን ያዛል። ኢትዮጵያ የውሻ እብደት በሽታ ይበረታባቸዋል ከተባሉት አገሮች መካከል ናት። ስለዚህ በኢትዮጵያ የተከተበ ውሻ የክትባቱንና የመለያውን ምስክር በመንግሥት ሐኪም የተረጋገጠ አድርጎ ይይዛል። ከዚህም ሌላ ለዚህ ሥራ የተመዘገበ የእንስሳት መቀበያ በሚገኝበት አውሮፕላን ማረፊያ ብቻ ይገባል፤ በመቀበያውም አስቀድሞ ቦታ ይያዝለታል። ተቀባይነት ያለው የደም ምርመራ ከሌለው በዚያ 28 ቀን በባለቤቱ ወጪ ይቈያል። ደሙም የሚቀዳው ከመጀመሪያው ክትባት ቢያንስ 30 ቀን በኋላ፣ ከመግቢያውም ቢያንስ 28 ቀን በፊት ነው። የድመት ደንብ ከዚህ የቀለለ ሲሆን፣ በየክፍለ ግዛቱ ግን ይለያያል።

አውስትራሊያ። ከኢትዮጵያ በቀጥታ የሚመጣን ውሻና ድመት አትቀበልም፤ እንስሳው በመጀመሪያ በተፈቀደ ሌላ አገር ተቀምጦ የዚያን አገር ሥርዐት መፈጸም አለበት።

ዐረብ ኤምሬትስ። እንስሳው ከመነሣቱ በፊት የማስገቢያ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ አንዳንድ የውሻ ዘሮችንም ትከለክላለች። የሚያልፉበትም አገር የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል፣ አውሮፕላን በሚለወጥበት ከተማ ያለው ሕግ አብሮ መጠየቅ ይገባዋል።

ደንብ በየጊዜው ይሻሻላል። ስለሆነም ቲኬት ከመቈረጡ በፊት የተቀባዩን አገር ኤምባሲ ወይም የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። «ባለፈው ዓመት እገሌ ይዞ ገብቷል» የሚለው ወሬ በድንበር ላይ ሰነድ ሆኖ አይቀርብም።

6ኛ/ ለነጋዴ የተለየ ማሳሰቢያ

የባለቤት ጉዞና የንግድ ጭነት በሕግ የተለያዩ ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ መንገደኛ ይዞ የሚገባው ቢበዛ 5 እንስሳ ነው፤ እርሱም ለሽያጭ ወይም ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ ያልታሰበ መሆን አለበት። ለሚያውቁት ሰው ሊሰጡ ቡችላ «የኔ ነው» ብሎ ይዞ መሄድ ንግድን በመንገደኛ ስም መሸፈን ስለሚሆን ተጠያቂነት ያመጣል። መሸጥ የሚፈልግ በንግድ ሥርዐት ይላክ።

የስም አጻጻፍም ቸል አይባል። ኢትዮጵያዊ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ይጻፋል። በደብተሩ ላይ በአንድ ዐይነት፣ በላቦራቶሪው ወረቀት በሌላ ዐይነት፣ በፓስፖርት ደግሞ በሦስተኛ ዐይነት የተጻፈ ስም ሦስት ሰው ይመስላል። የመለያውም ቍጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰነድ አንድ በአንድ ይመሳከር፤ ከ15ቱ አኃዝ አንዱ ቢሳሳት ሰነዱ የሌላ ውሻ ሆኖ ይቀራል። ኢንቮይስን ከቢል ኦፍ ሎዲንግ ጋር ማመሳከር ለለመደ ሰው ይህ ከባድ አይደለም።

7ኛ/ ስለ ሣጥኑና ስለ በረራው

የሚጓዝበት ሣጥን የዓለም አቀፉ የአየር ማጓጓዣ ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት እንስሳው በውስጡ ሊቆም፣ ሊዞርና ሊተኛ የሚችልበት፣ አየርም በየጎኑ የሚያስገባ መሆን አለበት። ሣጥኑን ከጉዞው ከብዙ ሳምንት በፊት ገዝቶ በቤት ውስጥ ከፍቶ ማኖር ይገባል፤ ውሻው በፈቃዱ እየገባ ሲተኛበት ይለምደዋል። የሚያስተኛ መድኀኒት መስጠት ግን አይመከርም፤ በአየር ላይ መተንፈስንና የደም ግፊትን ሊያውክ ስለሚችል ለሞት ሊያደርስ ይችላል። አፍንጫቸው አጭር የሆኑ የውሻና የድመት ዘሮች በሙቀትና በድንጋጤ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ብዙ አየር መንገዶች አይቀበሏቸውም፤ ወይም ጥብቅ ውል ያስገባሉ።

8ኛ/ ቀኑ ያልሞላ እንደሆነ

ሰነዱ ጎድሎ የደረሰ እንስሳ ሦስት ዕጣ ይጠብቀዋል። በመጀመሪያ ወደ መጣበት አገር ይመለሳል፤ ወይም ሥርዐቱን እስኪያሟላ በባለቤቱ ወጪ በኳራንቲን ይቈያል፤ ሁለቱም የማይቻል ሲሆን በመጨረሻ እንዲሞት ይደረጋል። ልጆች እየጠበቁት ያደገ ውሻ በ2 ቀን ጉድለት እዚህ እንዲደርስ የሚፈልግ ባለቤት የለም።

ስለዚህ ጊዜ ያነሰው ሰው በግምት ከመሄድ ይልቅ ውሻውን ለታመነ ዘመድ ወይም ጐረቤት ከነክትባቱ ደብተርና ከነቀለቡ አደራ ሰጥቶ፣ ሥርዐቱ ሲፈጸም ማስመጣት ይችላል። ሆኖም በዚህ ጊዜ ባለቤቱ አብሮ ስላልተጓዘ ደንቡ ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ። ፈጽሞ የማይገባው በሩን ከፍቶ ለቆ መሄድ ነው። የተጣለ ውሻ ክትባቱ ያልፍበታል፤ በየጥጋጥጉ ከሚዞሩት ጋር ይቀላቀላል፤ በመጨረሻም የሚነክሰው ትናንት ያሳደገውን ሰፈር ልጅ ሊሆን ይችላል። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውል ሳያድርም ወደ ሐኪም ቤት መሄድ እንዳለበት ሁሉም ይወቅ።

ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባም ሰው፣ ለመጋዘን ጥበቃ ውሻ የሚያስመጣውን ጨምሮ፣ የክትባትና የጤና ምስክር ወረቀቱን አሟልቶ እንዲመጣ ይጠበቅበታል። በምጽዋ የደረሰውን የሚያስታውስ ሰው በቦሌ ስለሚጠየቀው ወረቀት አያጕረመርምም።

በአጭሩ፣ መለያው ከክትባቱ፣ ክትባቱ ከደሙ፣ ደሙ ከጥበቃው፣ ጥበቃው ከፊርማው ይቀድማል። ይህን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በሁለቱም አቈጣጠር ጽፎ ከ6 ወር አስቀድሞ የጀመረ ባለቤት ከውሻው ጋር በደህና ይገባል።